የጀርባ ካፖርት

ዳቦ ጋጋሪው ወደ ሥራ የሚሄደው ሌላው ሰው ፒጃማውን ሲለብስ ነበር። ሲያቦካና ሲጋግር አድሮ፣ ጠዋት ሰዉ ትኩስ ዳቦ ይዞ ወደየጉዳዩ ሲሮጥ፣ እሱ ቅንድቡ ላይ የቀረውን ዱቄት እየጠረገ ሊተኛ ወደ ቤቱ ይመጣል። ባልደረቦቹ ጉጉት ብለው ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። ስሙ ከፍቶት አያውቅም። ሰው ሁሉ ሲተኛ ነቅቶ፣ ሰው ሁሉ ሲነቃ ከተኛ፣ ሌላ ምን ሊሉት ኖሯል?

ችግሩ የመጣው ታላቅ እህቱ መንታ ስትወልድ ነው። ጉጉት የሚኖረው ከእሷና ከባሏ ጋር፣ ሁለት ክፍል ባላት አፓርታማ ውስጥ ነበር። መንቶቹ ሲያዩአቸው የሚያሳሱ ሴት ልጆች ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አያሳሳም። አንደኛዋ አልቅሳ ሲደክማት ለሁለተኛዋ ታስረክባለች። አጎትዬው ጆሮው ላይ ትራስ አስሮ ሞከረ፣ ጥጥ ጠቀጠቀ፣ አንድ ቀንማ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ምንም ለውጥ የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን መጋገሪያ ቤት ቆሞ ሊጥ ሲያሽ እንቅልፍ ጣለው፤ በፊቱ ሊጡ ላይ ተደፋ። ዋና ጋጋሪዋ፣ ክንዷ የሰው ጭን የሚያክል ሴትዮ፣ ኮሌታውን ይዛ ስታነሳው አፍንጫውና ሁለቱ ዓይኖቹ ሊጡ ላይ ታትመው ቀሩ።

«ልጋግረውና መልክህን ልሽጠው?» አለችው።

እህቱ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ መንቶቹም አገዟት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሞቃት አገር ዕቃ ሲያደርስ፣ ቀትር ላይ ከመኪናው ሆድ ስር አስሮ የሚተኛበት ሃሞክ ነበረው፤ ጫፍና ጫፉ በገመድ የሚታሰር የሸራ ተንጠልጣይ አልጋ ነው። ከሹፌር ወንበሩ ኋላ ጎትቶ አወጣና ለጉጉት ሰጠው።

«ጣሪያው ላይ ውጣ፤» አለው። «ከውሃ ታንከሮቹ አጠገብ ሁለት የብረት ምሰሶ አለ። እዚያ ማንም አያለቅስብህም። እኔ እዚህ ላይ ጋደም ስል የነገሥኩ ነው የሚመስለኝ።»

እሱ የሚነግሠው ግን ላብ በሚያንጠፈጥፍ አገር ነው። እዚህ ወሩ የብርድ ወር ነበር፤ ጣሪያው ላይ ነፋሱ እንደ ልቡ ይፈነጫል።

ጉጉት መጀመሪያ በአንድ ብርድ ልብስ ወጣ። ብዙም አልቆየ፣ ወርዶ ሌላ አመጣ። ከዚያም ሌላ። የእህቱን ባል ካፖርት ደረበ፤ እህቱ እርጉዝ ሳለች ትለብሰው የነበረውን ሰፊ ሹራብ ጨመረ። ፊቱን ላብ አጠመቀው፣ ጀርባው ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደ ከረመ ዓሣ ደረቀ። አንዱን ብርድ ልብስ ከስሩ አነጠፈው፤ ሲተኛበት ተጨፍልቆ የሻይ ቤት ናፕኪን አከለ። በሆዱ ሲተኛ ሆዱን በረደው፣ በጎኑ ሲሆን ጎኑን። ብርዱ ከስር እያየ የሚከተለው ነው የሚመስለው።

በማግስቱም እንዲሁ እየተንዘፈዘፈ ሳለ ልብስ ሰፊዋ አንሶላ ልታሰጣ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ከጡረተኛ አባቷ ጋር የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ልክ ከጣሪያው ስር ትኖራለች። ጃኬትና ካፖርት ነው የምትሰፋው። ሠላሳዎቹን አጋምሳለች፤ አባቷ ግን ዛሬም ሚጣ ነው የሚሏት። ጉጉት ደረጃ ላይ ስንት ጊዜ አግኝቷታል፤ ሁልጊዜ ኮሌታዋ ላይ ስፒልና መርፌ ሰክታ፣ ሁልጊዜ ስትጣደፍ። «ደህና አደርሽ» ሲላት እሷ ቀኗን ልትጀምር፣ እሱ ቀኑን ሊጨርስ ነው። ከዚያ ያለፈ ወሬ ኖሯቸው አያውቅም።

አሁን ባልዲዋን አስቀምጣ ቆመች። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል የጨርቅ ክምር ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል። ከውስጡ ደግሞ የሲንጀር መኪና የሚመስል ድምፅ ይወጣል።

«ማነው እዚያ ውስጥ?» አለች።

«እ… እኔ ነኝ።»

«ምን እየሰፋህ ነው?»

«ጥ… ጥርሴ ነው።»

ሳቅ ገደላት። ጠጋ ብላ እጇን ከሃሞኩ ስር ሰደደችና ጀርባውን በሸራው በኩል ዳበሰችው። ጉጉት ሊጮህ ምንም አልቀረው፤ እጇ ሞቃት ነበር።

«አንተ ሰውዬ! ከላይ ድብ ሆነህ ከስር ራቁትህን ነህ እኮ!»

«ከስሬም አንጥፌ ነበር። አልሆነም።»

«ትጨፈልቀዋለሃ! የሚያሞቅህ ጥጡ መሰለህ? ጥጡ መሃል ያለው አየር ነው። ያን ሁሉ ኪሎህን ጭነህበት አየሩ ከየት ይምጣ?» ወገቧን ይዛ ሃሞኩን ከዚህም ከዚያም ዞረችው። «መነጠፍ የለበትም። ከሸራው ውጪ፣ ከስር በኩል መንጠልጠል ነው ያለበት።»

«ለሃሞኩ ልብስ ልታለብሺው ነው?»

«ካፖርት!» አለች። ሐሳቡ ገና ከአፏ ከመውጣቱ ራሷን ደስ አሰኛት። አንሶላዎቿን ባልዲው ውስጥ እንደ ረጠቡ ትታ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

በነጋታው ጉጉት ከሥራ ሲመለስ ጣሪያው ላይ ቆማ ጠበቀችው። ከጃኬት የተረፉ ቀይ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ የናይለን ጨርቆችን ገጣጥማ፣ መሃሉን በጥጥ ሞልታ፣ በመስመር በመስመር ሰፍታዋለች። ጫፎቹ ላይ ላስቲክ አለ። ጠርዙ ውስጥ ደግሞ እንደ ቱታ ወገብ ክር ገብቶበታል፤ ሲስቡት ይሰበሰባል።

«ግባ፤» አለችው።

ገባ። ካፖርቱን ከስሩ ዘርግታ ከሃሞኩ ገመዶች ጋር አያያዘችው። ይሄኔ ነፋሱ መጣ። ካፖርቱ ነፍሰ ጡር ይመስል ተነፋ፤ በጀርባውና በጥጡ መሃል ባለው ባዶ ቦታ ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ።

«እንዴት ነው?»

«ብርዱ ቤት አግኝቷል። አሁን አብረን ነው የምንኖረው።»

ላስቲኩን ጠበቅ አደረገችው። አሁን ደግሞ በጣም ጠበቀና ጥጡ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ሳሳ። ከንፈሯን ነክሳ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ካርቶን ሲሚንቶው ላይ ዘረጋችና በጀርባዋ ተንጋልላ ከሃሞኩ ስር ገባች፤ ልክ እንደ ጋራዥ መካኒክ።

«እዚህ ጋ ይነካሃል?» በማስመሪያዋ ነካ አደረገችው።

«ይነካኛል።»

«እዚህስ?»

«ኧረ ተይ! ኧረ ይኮረኩራል!»

«መኮርኮሩን ማን ጠየቀህ? ክፍተት አለ ወይ ነው የምልህ!»

ሊመልስላት አልቻለም። እሱ ሲስቅ ሃሞኩ ይዘላል፤ ሃሞኩ ሲዘል የእሱ መቀመጫ አፍንጫዋን ይመታል፤ አፍንጫዋ ሲመታ እሷ ትስቃለች፤ እሷን ሲሰማ እሱ ይብስበታል። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ «በናትህ አትሳቅ፣ በናትህ፣ መለካት አልቻልኩም» እያለች ላስቲኩን ጥቂት ጥቂት አላላችው። ጥጡ ጀርባውን ነካ ብቻ አድርጎ እንዲቆም ነው የፈለገችው፤ ሳይርቅም ሳይጫነውም። መጨረሻ ላይ ክሮቹን በራስጌና በግርጌ ሳበቻቸው። ነፋሱ የሚገባበት ቀዳዳ ተዘጋ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ወገቡ አካባቢ፣ ሰው መዳፉን በቀስታ ያሳረፈበት ያህል ሙቀት መጣ። ወደ ትከሻው ወጣ። ወደ ጭኑ ወረደ። ዓሣው ቀለጠ።

«እግዜር ይስ…» አለ ጉጉት። ምስጋናውን ሳይጨርስ ተኛ።

ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑ ላይ እንደ ተጋደመች ትንፋሹን አዳመጠች። ከዚያ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ወርዳ ለአባቷ ነገረቻቸው። አባቷ አላመኑም።

እኚህ ሰው የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በቀበቶ ምሰሶ ላይ ታስረው ሽቦ ሲጠግኑ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንቅልፍ ሸሽቷቸዋል። አልጋ ላይ ሲገላበጡ አድረው፣ ቀን ደግሞ ሬዲዮ ሲያዳምጡ ከሬዲዮው ጋር ይጣላሉ።

«ብርድ ልብስ ከስር?» አሉ። «ለማን ነው የምታለብሱት? ለነፋሱ?»

ማግስቱን ጉጉት ገና ጣሪያው ላይ ደርሶ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ኋላ አጣምረው ከልጃቸው ጋር መጡ። ካፖርቱን ቆነጠጡት። ገመዱን ጎተቱት።

«ይሄ ቋጠሮ ነው? የጫማ ማሰሪያ ነው እንጂ!» ሁሉንም ፈቱና በራሳቸው መንገድ አሰሩት። «አሁን ዝሆን ይጫናል።»

«እንግዲያው አባባ፣ እስቲ ይሞክሩት፤» አለ ጉጉት።

«እኔ? እንደ ሌሊት ወፍ ልንጠለጠል?»

«አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ተንጠልጥለህ አይደል እንዴ የኖርከው?» አለች ልጃቸው።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ለጉጉት አስያዙት። «ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፤» አሉ። «ልጁ ደግሞ መተኛት አለበት።» ተደግፈው ገቡ። ልጃቸው ክሮቹን ሳበችላቸው። «እንዲያው ምኑ ነው እዚህ የሚሞቀው?» አሉ። ትንሽ ቆዩ። «ሆ፤» አሉ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ማንኮራፋታቸው ነው።

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ከደነች። «አባዬ ተኛ!»

«ተኝተዋል።»

«አልገባህም። አባዬ ቀን ተኝቶ አያውቅም እኮ!» ከዚያ ትዝ አላት። «ውይ! አንተስ? አንተ ሌሊቱን ሙሉ ሠርተህ…»

«እንዳትቀሰቅሻቸው።»

«ትወድቃለህ እኮ።»

«መሬት ላይ ነው ያለሁት፤ ወዴት እወድቃለሁ?»

ከላይ ይደረብ የነበረው ብርድ ልብስ ሁሉ ተርፏቸዋል። በሁለቱ ታንከሮች መካከል፣ ነፋሱ በማይደርስበት ስርቻ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ተቀመጡ፤ አንዱን ብርድ ልብስ ከስር አነጠፉ፣ ሌላውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ታንከሩ ውስጥ ውሃው ጉልግል ይላል። ሽማግሌው ሲያንኮራፉ መጀመሪያ ያፏጫሉ፣ ከዚያ ድንገት ያቆማሉ፣ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ትራክተር ይነሳል። በተነሳ ቁጥር ሁለቱ ፊታቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብረው እስኪያማቸው ይስቃሉ።

በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። እሷ ስለ አንዲት ደንበኛዋ ነገረችው፤ ሴትዮዋ ልኳ ሲወሰድ ሆዷን ስለምትስብ፣ የሚሰፋላት ካፖርት ሁሉ ካልተነፈሰች ብቻ ነው የሚቆለፈው። እሱ ስለ ዳቦ ነገራት።

«ከምድጃ ሲወጣ እኮ ያወራል፤» አላት።

«ዳቦ?»

«ጆሮሽን ጠጋ ካደረግሽ፣ ቅርፊቱ ሲበርድ ጢጥ ጢጥ ይላል። ባንኮኒው ሙሉ በአንድ ላይ ሲጀምር ደግሞ ጉባኤ ነው የሚመስለው።»

«ምን ይላል?»

«እንጃ። የሚጠይቀኝ ሰው ስላልነበረ ልብ ብዬ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ለሰው ሁሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ ቆም ብላ ሰው ያላዳመጠች ሴት ነበረች። ያኔ ግን የመኪናዋን ፔዳል ረሳችው፣ የሚጠብቃትን የካፖርት እጅጌ ረሳችው። ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ጉጉት ዘለለ።

«ምነው?»

«ምንም። ስፒልሽ ነው።»

«ወጋሁህ? ውይ በሞትኩት!»

«አይ፣ ይሁን። እንቅልፌን ገፈፈልኝ።» እውነቱን ነው፤ እንቅልፉ የት እንደ ገባ እሱም አያውቅም።

ሽማግሌው የነቁት ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። «በሉ እንግዲህ፤» አሉ፣ ጉንጫቸው ላይ የሸራው መስመር ታትሞ። «አንድ ዓይኔን እንኳ ሳልጨፍን ለልጁ ልልቀቅለት።»

ልጁ ግን የሥራ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ደረጃውን እያፏጨ ወረደ። ምንም እንቅልፍ ያልነካው ሰው መሬቱን እየረገጠ ይሁን እየተንሳፈፈ ሳያውቅ መጋገሪያ ቤት ደረሰ፣ ሽርጡን ገልብጦ ታጠቀ፣ ሊጡን አቦካ፣ እርሾ ጨመረ። ደስ አለው። ደስ ስላለው እንደገና ጨመረ።

ሊጡ ከገንዳው ተነሳ። ዋና ጋጋሪዋ ሂሳብ ልትሠራ ዞር ብላ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል። «ያዘው! ያዘው!» ብላ ጮኸች። ጉጉት በሁለት እጁ አቀፈው፤ ሊጡ በብብቱ ስር አምልጦ ወረደ። ከምድጃው የወጣው ዳቦ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ አንዱ አንዱን አቅፎ፣ ፍራሽ የሚያክል ሆነ።

«እርሾውን ስንት ጊዜ ነው የጨመርከው?»

«አንዴ… ወይም…»

«ምን ሆነሃል አንተ? ዓይንህ ደም መስሏል፣ ጥርስህ አይከደንም።»

«እንቅልፍ አልተኛሁም።»

«መንቶቹ ናቸው?»

«አይደሉም። አባቷ ተኝተውበት ነው።»

«የማን አባት?»

የጉጉት ጆሮ ቲማቲም ሆነ።

«አሃ!» አለች ዋና ጋጋሪዋ፤ ወፍራም ክንዶቿን አጣጥፋ አየችው፣ አየችውና መሳቅ ጀመረች። ከተጣበቀው ዳቦ ትልቁን ቆርጣ በወረቀት ጠቅልላ ደረቱ ላይ ለጠፈችበት። «ሂድ፣ ትኩስ እያለ ውሰድላት። እዚህ ከቆየህ ደግሞ ቤቱን ታስነሳብኛለህ።»

ጠዋት የመጨረሻው ፎቅ ላይ ወጥቶ በሩን አንኳኳ። የከፈቱት ሽማግሌው ነበሩ።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«ደህና። ጉጉት የሚሉህ አንተ ነህ አሉ። ለመሆኑ ወፏን ነው ወይስ ምኞቱን?»

«እስከ ትናንት ወፏ ነበረች፤» አለ ጉጉት።

ሽማግሌው አገጫቸውን አከኩ። ዳቦውን አዩት፣ ሰውዬውን አዩት።

«አባባ፣ ልጅዎን በተመለከተ ልጠይቅዎ ብዬ…»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የምታገባው እኔን አይደለ። እሷን ጠይቃት። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ሃሞክ ለማን ሊሆን ነው?»

«ለእርስዎ።»

«ጣሪያው ላይ ናት፤» አሉና በሩን ከፊቱ ዘጉት።

ልብስ ሰፊዋ ሃሞኩን በሁለት እጇ ይዛ እንዴት እንደሚገባበት ታጠና ነበር። «ራሴ የሰፋሁትን ሳልሞክረው!» አለችው። «ስፒሎቹን አውልቄያለሁ።» ጉጉት ዳቦውን መሬት ላይ አስቀመጠና ሊይዝላት ሲቀርብ አልጠበቀችውም፤ ዘልላ በዚህ በኩል ገባች፣ ሃሞኩ ዞረና በዚያ በኩል ወጣች። ዱብ ያለችው ዳቦው ላይ ነው።

ዳቦው ጢጥ አለ።

«አወራ!» ብላ ጮኸች።

መነሳት አቃታት። እሱም ሊያነሳት ጎንበስ ብሎ በሳቅ ተንበረከከ። ስንት ጊዜ ሞክረው መሰላችሁ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎ አስገባት። ክሮቹን ሳበ። ከዚያ ምን እንደሚል ደረጃውን ሲወጣ አዘጋጅቶት የነበረው ሁሉ ጠፋው።

«እ… አግቢኝ፤» አለ።

ከሃሞኩ ውስጥ ጫፉ የቀላ አፍንጫዋ ብቻ ነው የሚታየው።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ። ቆይ፣ መጀመሪያ ጀርባዬ ይሙቅ።»

ጉጉት ቆመ። ነፋሱ ሽርጡን ያማታዋል፤ ለካ ሽርጡን ሳያወልቅ ነው ከተማውን አቋርጦ የመጣው።

«ሞቀሽ?»

«ወገቤ ብቻ።»

ቆመ። ታንከሩን ተደገፈ። ከታንከሩ ራቀ።

«አሁንስ?»

«ትከሻዬ ቀርቷል።»

«ኧረ በሕግ አምላክ!»

ሃሞኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርድ አልነበረም፤ ሳቋን አፍና ነው። «ሞቀኝ፤» አለች። «ከመጀመሪያውም ሞቆኝ ነበር። እሺ። እሺ አልኩህ! አሁን ና ብርድ ልብሱን ደርበው፣ ቀይ ሽንኩርት መስለሃል።»

ተጋቡ። ለሽማግሌው ሃሞኩ ቀረላቸው፤ አሁን የሚጣሉት ከሬዲዮ ጋር ሳይሆን ከዝናብ ጋር ነው። ልብስ ሰፊዋ ለራሷና ለባሏ ሁለት ሰው የሚይዝ ሰፊ ሃሞክ ከአዲስ ሸራ ሰፋች፤ ለሃሞኩም ጣሪያውን ሊያለብስ ምንም የማይቀረው የጀርባ ካፖርት አዘጋጀችለት። ያልገመተችው፣ ሃሞክ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መተኛት እንደማይችል ነው። በመጀመሪያው የዕረፍት ቀናቸው ገና ከመግባታቸው ሁለቱም ወደ መሃል ተንከባለው ተጣበቁ። የእሱ ክንድ ከእሷ ስር ቀረ፣ የእሷ ፀጉር በእሱ ሸሚዝ ቁልፍ ተያዘ፣ ሃሞኩም አፉን ገጠመባቸው። ለመውጣት በታገሉ ቁጥር ይብስ ይጠቀለላሉ።

የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤት ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ በሁለት ምሰሶ መሃል የተንጠለጠለ ባለ ብዙ ቀለም ጥቅል አየች፤ ከጥቅሉ አንድ እግር ወጥቷል።

«እናንተ፣ ደህና ናችሁ?» አለች ደንግጣ። «ላውጣችሁ?»

«አዎ!» አለ እሱ።

«አይ፣ ቆይ!» አለች እሷ። «ገና አሁን መሞቁ ነው!»

ጎረቤቲቱ ራሷን ነቀነቀች። አንሶላዋን አራገፈችና ዙሪያቸውን ማስጣት ጀመረች፤ ከአንሶላው ጀርባ ሁለት ሰው እንደ ሕፃን ሲንከተከት ይሰማታል።